የተጀመረን ሥራ ማቋረጥ፦ ሰርቨር «ይበቃል» ሲባል እንዴት ይሰማል?

በኮምፒውተር መረብ አገልግሎት የሚሰጥ ማንኛውም ሥርዓት ሁለት ችሎታዎች ያስፈልጉታል፤ አንደኛው የታዘዘውን ሥራ ጀምሮ መፈጸም ሲሆን፣ ሁለተኛው የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ፣ ነገር ግን ምንም ሳያበላሽ ማቆም ነው። ስለ መጀመሪያው ችሎታ ብዙ ተብሏል፤ የሥርዓቶች ፍጥነትና አቅምም በአብዛኛው የሚለካው በእርሱ ነው። ሁለተኛው ግን ችግር እስኪደርስ ድረስ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ሲታሰብም ቀላል ነገር ይመስላል፤ መብራት እንደ ማጥፋት፣ ቧንቧ እንደ መዝጋት። በእርግጥ ግን በሂደት ላይ ያለን የሰርቨር ሥራ ማቋረጥ በሶፍትዌር ምሕንድስና ውስጥ ረቂቅ ከሆኑ ጉዳዮች አንዱ ነው፤ ለዚህ ተብለው የተሠሩት መሣሪያዎችም የሥርዓቱን ጠቅላላ አሠራር ሳያውቁ ሊረዷቸው የማይቻሉ ናቸው።

ሰርቨር የሚባለው ከሌሎች ኮምፒውተሮችና ከእጅ ስልኮች የሚመጡለትን ጥያቄዎች እየተቀበለ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር፣ ወይም በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ባንክ የሂሳብ መግለጫ ሲያወጣ፣ አየር መንገድ ትኬት ሲቆርጥ፣ ሆስፒታል የታካሚ ካርድ ሲፈልግ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው እርሱ ነው። ከሰርቨሮች መካከል የማቋረጥ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃ በሥርዓት ተደርድሮ በሚቀመጥበትና በሚፈለግበት የመረጃ ቋት ላይ ነው። ለዳታቤዝ የሚቀርበው የፍለጋ ወይም የለውጥ ትእዛዝ መጠይቅ ይባላል። አንዳንዱ መጠይቅ ዓይን እስኪጨፈን ባልሞላ ጊዜ መልሱን ይዞ ሲመለስ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማቋረጥ የሚያስፈልገውም ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው።

ጠያቂው ሲሄድ ሥራው አይሄድም

የመጠይቅ መርዘም ሁልጊዜ ከሥራው ክብደት የሚመጣ አይደለም። እያንዳንዳቸው 100,000 መስመር የያዙ ሁለት ሠንጠረዦች አሉ ቢባል፣ አንዱ የደንበኞችን ስም፣ ሌላው የደንበኞችን ክፍያ የያዘ ከሆነ፣ ጠያቂው ሁለቱን ሲያገናኝ «የዚህ ደንበኛ ክፍያ ይህ ነው» የሚለውን የማዛመጃ ሁኔታ መጻፍ ከረሳ፣ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ስም ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር እያጣመረ 10 ቢሊዮን ጥምር ለማውጣት ይነሣል። ትእዛዙ በሰዋስው ደረጃ ትክክል ስለሆነ ሰርቨሩ አይቃወምም፤ ታዝዟልና ይሠራል። አንዲት የተረሳች መስመር በዚህ መንገድ የኮምፒውተሩን ማስሊያ፣ ማኅደረ ትውስታና ዲስክ ይዛ ሌሎች ተጠቃሚዎችን ልታስጠብቅ ትችላለች።

በዚህ ጊዜ ጠያቂው የሚያደርገው የተለመደ ነገር መስኮቱን ዘግቶ መሄድ ነው። ሆኖም የመስኮቱ መዘጋት ለሰርቨሩ ወዲያውኑ አይደርሰውም። ሰርቨሩ በስሌቱ ተጠምዶ ሳለ ወደ ጠያቂው የሚወስደውን መስመር ዘወር ብሎ አያይም፤ ሰውየው መሄዱን የሚያውቀው ሥራውን ጨርሶ መልሱን ለመላክ ሲሞክር ነው። ማንም የማይጠብቀው መልስ በዚህ ሁኔታ ለሰዓታት ሲሰላ ይቆያል። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ታዋቂ ነፃ ዳታቤዝ በመጠይቅ መካከል ጠያቂው አሁንም መኖሩን በየተወሰነ ጊዜ የሚፈትሽበት ምርጫ የተጨመረለት እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 14ኛ እትም ሲሆን፣ ይህም ምርጫ አስተዳዳሪው ካላበራው በስተቀር ጠፍቶ የሚገኝ ነው።

ጉዳቱን የሚያባብሰው ሌላው ምክንያት ቁልፍ ነው። ዳታቤዝ ሁለት ሰዎች አንዱን መረጃ በአንድ ጊዜ ለውጠው እንዳያበላሹት፣ እየተሠራበት ያለውን ክፍል ለጊዜው ይቆልፋል፤ የሌላው ተራ እስኪደርስም ያስጠብቃል። አንድ ረጅም የንባብ መጠይቅ በሠንጠረዥ ላይ እየሠራ ሳለ፣ የሠንጠረዡን ቅርጽ የሚለውጥ ትእዛዝ ከኋላው ቢመጣ፣ ይህ ትእዛዝ ሠንጠረዡን ለብቻው መያዝ ስለሚፈልግ ይጠብቃል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ቀላል ንባቦችም ሁሉ ከለውጥ ትእዛዙ ጀርባ ይሰለፋሉ። በመጨረሻም አገልግሎቱ በሙሉ የቆመ ይመስላል፤ መነሻው ግን ከሰልፉ ፊት ያለው አንድ ሥራ ብቻ ነው። እርሱን ለይቶ ማቋረጥ መቻል ሌላውን ሁሉ ነፃ ማውጣት ማለት ነው።

ለምን በቀላሉ አይቆረጥም?

ሥራው ንባብ ብቻ ከሆነ ቢቋረጥ የሚጠፋው የባከነው ጊዜ ነው። ለውጥ የሚያደርግ ሥራ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአንድ ሂሳብ 5,000 ብር ቀንሶ በሌላ ሂሳብ ላይ የሚጨምር ትእዛዝ ከመቀነሱ በኋላና ከመጨመሩ በፊት ቢቆረጥ፣ ገንዘቡ ከሁለቱም ሂሳቦች ውጭ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ትራንዛክሽን የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ብዙ እርምጃዎችን እንደ አንድ ጥቅል በመያዝ፣ ጥቅሉ ወይ ሙሉ በሙሉ እንዲፈጸም፣ ወይ ከነጭራሹ እንዳልተጀመረ እንዲቆጠር የሚያደርግ ውል ነው። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ሳይንሳዊ መሠረት ከጣሉት መካከል ቀዳሚው አሜሪካዊው ጂም ግሬይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ትራንዛክሽን ጥቅምና ወሰን ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬም የሚጠቀስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998ም በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብሏል።

ትራንዛክሽን ቃሉን የሚጠብቀው በመዝገብ ነው። ዳታቤዙ መረጃውን በቦታው ከመለወጡ በፊት ሊያደርገው ያለውን ለውጥ በተለየ የለውጥ መዝገብ ላይ አስቀድሞ ይጽፋል፤ ስለዚህ በመካከል መብራት ቢጠፋ ወይም ማሽኑ ቢወድቅ፣ ሲነሣ መዝገቡን አንብቦ የጸደቀውን ያጸናል፣ ያልጸደቀውን ይተወዋል ወይም ይሽረዋል። ማቋረጥ የሚቻለውም ይህ መሠረት ስላለ ነው። የማቋረጫ መሣሪያ በዳታቤዝ ላይ ተደርቦ የሚለጠፍ ነገር ሳይሆን፣ ሥርዓቱ ከመሠረቱ «ይህ ሥራ ላያልቅ ይችላል» በሚል እሳቤ በመታነጹ የሚገኝ ፍሬ ነው።

የፖስትግሬስኪውኤል ምሳሌ

ይህን አሠራር ከቅርብ ለማየት ፖስትግሬስኪውኤል ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ዳታቤዙ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ሲሆን፣ የአሁኑን ስሙን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት በመሆኑ ማቋረጥ በውስጡ እንዴት እንደሚከናወን ደረጃ በደረጃ ሊነበብ ይችላል።

ፖስትግሬስኪውኤል ለሚገናኘው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ የተለየ ፕሮሰስ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ራሱን ችሎ የሚሮጥ አንድ ሠራተኛ ፕሮግራም ይመድብለታል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ መለያ ቁጥር አለው። ማቋረጥ የሚፈልግ አስተዳዳሪ በመጀመሪያ በዚያ ሰዓት የሚሠራውን ሁሉ የሚያሳየውን የእንቅስቃሴ ዝርዝር ይመለከታል፤ በዝርዝሩ ላይ የፕሮሰሱ ቁጥር፣ የተጠቃሚው ስም፣ የመጠይቁ ጽሑፍ፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ሥራው እየሮጠ ወይም ሌላውን እየጠበቀ መሆኑ ሰፍሮ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮም አንድን ፕሮሰስ አስረው የሚያስጠብቁት የትኞቹ እንደሆኑ በቀጥታ የሚናገር መሣሪያ ተጨምሯል። ይህ የመለየት ሥራ ከማቋረጡ አይተናነስም፤ በሰልፉ ላይ ያለውን ተበዳይ አቋርጦ በዳዩን መተው ችግሩን አይፈታምና።

ተፈላጊው ከተለየ በኋላ ሁለት መሣሪያዎች ቀርበዋል። አንደኛው «ፒጂ ካንስል ባክኤንድ» የሚባለው ሲሆን፣ የሚያስቆመው በዚያች ደቂቃ የሚሠራውን መጠይቅ ብቻ ነው፤ ደንበኛው ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም፣ ሌላ መጠይቅ ማቅረብም ይችላል። ሁለተኛው «ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ» ሲሆን፣ መጠይቁን ብቻ ሳይሆን ግንኙነቱን ጭምር አቋርጦ ፕሮሰሱን ያሰናብታል። ትራንዛክሽን ከፍቶ ምንም ሳይሠራ ቁልፍ ይዞ የተቀመጠ ደንበኛ ሲያጋጥም የመጀመሪያው አይጠቅምም፤ የሚቋረጥ መጠይቅ የለውምና፤ እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ሁለቱም መሣሪያዎች የሚሠሩት ሲግናል በመላክ ነው። ሲግናል ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናና በዘሮቹ ውስጥ አንድ ፕሮሰስ ለሌላው የሚልከው አጭር ምልክት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ቁጥርና ትርጉም አለው። መጠይቁን ብቻ ለማቋረጥ የሚላከው ቁጥር 2 ሲሆን፣ ይህም በቁልፍ ሰሌዳ ላይ ኮንትሮልና ሲ አብረው ሲጫኑ የሚፈጠረው ነው፤ ፕሮሰሱን ለማሰናበት የሚላከው ደግሞ ቁጥር 15 ነው። ሁለቱም ምልክቶች ተቀባዩ ሊሰማቸውና በራሱ መንገድ ሊያስተናግዳቸው የሚችላቸው ናቸው።

እዚህ ላይ የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር ይገኛል። ምልክቱ ሲደርስ ፕሮሰሱ ሥራውን ባለበት አይጥልም፤ «የማቋረጥ ጥያቄ መጥቷል» የሚል ማስታወሻ ለራሱ ይይዝና ይቀጥላል። የዳታቤዙ ጸሐፊዎች በኮዱ ውስጥ ቆም ብሎ ማየት አደጋ የማያስከትልባቸውን ቦታዎች መርጠው፣ በእነዚያ ቦታዎች ላይ ፕሮሰሱ ማስታወሻውን እንዲመለከት አድርገዋል። ማስታወሻው ካለ ሥራውን በሥርዓት ይተዋል፤ ከሌለ ያልፋል። በአንጻሩ ፕሮሰሶቹ ሁሉ የሚጠቀሙበት የጋራ ማኅደረ ትውስታ በሚለወጥባቸው ጥንቁቅ ቦታዎች ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ ቢመጣ ፕሮሰሱ ከዚያ እስኪወጣ ድረስ አይሰማም። ማቋረጥ ከውጭ የሚፈጸም ኃይል ሳይሆን፣ ጠያቂው የሚያቀርበውና ሠራተኛው ራሱ የሚፈጽመው ነገር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። መሣሪያው «እውነት» የሚል መልስ ሲመልስም ትርጉሙ ምልክቱ ተልኳል ማለት እንጂ መጠይቁ ቆሟል ማለት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ አስተዳዳሪ ሥራው ወዲያው አለመቆሙን አይቶ ወደ ባሰ እርምጃ ሊሄድ ይችላል።

የባሰው እርምጃ ቁጥር 9 የሚባለው ሲግናል ነው። ይህን ተቀባዩ ሊሰማውም ሊያዘገየውም አይችልም፤ ሥርዓተ ክወናው ራሱ ፕሮሰሱን ወዲያውኑ ያጠፋዋል። በፖስትግሬስኪውኤል አንድ የደንበኛ ፕሮሰስ በዚህ መንገድ ሲሞት፣ የበላይ ተቆጣጣሪው ፕሮሰስ ሟቹ የጋራ ማኅደረ ትውስታውን በግማሽ ለውጦ ሄዶ ሊሆን ይችላል ብሎ ስለሚሰጋ፣ የሌሎቹን ደንበኞች ሁሉ ግንኙነት አቋርጦ ዳታቤዙን ከለውጥ መዝገቡ እንደ አዲስ ያስነሣል። አንድ መጠይቅ ለማስቆም ሲባል የሁሉም ተጠቃሚ ሥራ ይቋረጣል። አበው «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ያሉት ይህን ለመሰለ ሁኔታ የሚስማማ ምክር ነው፤ አይጧ ምጣዱ ላይ እስካለች ድረስ በትር አይነሣባትም፤ ከምጣዱ እስክትወርድ ይጠበቃል። ጥንቃቄ የተሞላባቸው የማቋረጫ መሣሪያዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

ጥያቄው በየት መንገድ ይደርሳል?

አስተዳዳሪ ባይኖርም መጠይቁን ያቀረበው ሰው ራሱ ሐሳቡን ለውጦ ማቋረጥ ሊፈልግ ይችላል። ነገር ግን ከሰርቨሩ ጋር ያለው መስመር መልስ በመጠበቅ የተያዘ በመሆኑ «ተወው» የሚለውን ቃል በዚያው መስመር ልኮ ማሰማት አይችልም። ፖስትግሬስኪውኤል ለዚህ ያበጀው ዘዴ ሁለተኛ መስመር ነው፤ የደንበኛው ፕሮግራም አዲስ ግንኙነት ከፍቶ የሚያቋርጠውን ፕሮሰስ ቁጥርና አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ይልካል። ቁልፉ መጀመሪያ ሲገናኙ ሰርቨሩ ለደንበኛው ብቻ የሰጠው ቁጥር ሲሆን፣ ሌላ ሰው የእርሱ ያልሆነውን መጠይቅ እንዳያቋርጥ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ቁልፉ ትክክል ከሆነ ሲግናሉን ይልካል፤ ትክክል ካልሆነ ዝም ይላል፤ በሁለቱም ሁኔታ ምንም መልስ ሳይሰጥ ሁለተኛውን መስመር ይዘጋል።

ይህ ዘዴ አንድ ረቂቅ ክፍተት አለው። የማቋረጥ ጥያቄው በመንገድ ላይ ሳለ የመጀመሪያው መጠይቅ በራሱ ጊዜ ሊያልቅና ደንበኛው ሌላ መጠይቅ ሊጀምር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚመታው የታሰበው ሳይሆን ተከታዩ ይሆናል። ጥያቄው በስሙ የሚጠራው ሠራተኛውን እንጂ ሥራውን ስላልሆነ ይህን ስሕተት ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራሞች የማቋረጡ ጉዳይ እልባት እስኪያገኝ ድረስ በዚያ ግንኙነት ላይ አዲስ ሥራ አይጀምሩም።

የደኅንነት ጉዳይም አለ። ዋናው ግንኙነት በምስጢራዊ ኮድ የተሸፈነ ሆኖ ሳለ፣ የማቋረጥ ጥያቄው ግን ለብዙ ዓመታት ከደንበኛው ፕሮግራም ሳይሸፈን ሲላክ ኖሯል። ሽፋን ያለው የማቋረጫ መንገድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2024 በ17ኛው እትም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 18ኛው እትም ደግሞ ቀድሞ 32 ቢት ብቻ የነበረው ቁልፍ ወደ 256 ቢት እንዲረዝም የሚፈቅድ አዲስ የመገናኛ ፕሮቶኮል ስሪት አስገብቷል። የማቋረጥ ሥልጣን እንደ ማዘዝ ሥልጣን ሁሉ ጥበቃ የሚያሻው መሆኑ በሚገባ የታወቀው በዚህ መልኩ ቀስ በቀስ ነው።

ከማቋረጥ በኋላ ያለው ሥራ

ሥራው ሲቋረጥ የተጀመረው ለውጥ መሻር አለበት፤ የመሻሩ ዋጋ ግን ከዳታቤዝ ዳታቤዝ ይለያያል። ፖስትግሬስኪውኤል አንድን መስመር ሲለውጥ አሮጌውን አይደመስሰውም፤ አዲስ ቅጂ ከጎኑ ይጽፋል። ትራንዛክሽኑ ሲሻር አሮጌው ቅጂ እንደነበረ ስላለ የሚመለስ ነገር የለም፤ «ይህ ትራንዛክሽን አልጸደቀም» ተብሎ ይመዘገባል፣ የተረፈውን ቅጂ ደግሞ ቆየት ብሎ የጽዳት ሥራ የሚሠራ ሌላ ፕሮሰስ ያነሣዋል። በስፋት የሚሠራበት የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ዋና ማከማቻ የሆነው ኢኖዲቢ ግን መረጃውን በቦታው ላይ እየለወጠ የቀድሞውን ይዞታ በሌላ ቦታ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ሲሻር እያንዳንዱን ለውጥ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል። ለሰዓታት መስመሮችን ሲለውጥ የቆየን ሥራ ማቋረጥ ተመጣጣኝ ርዝመት ያለው የመመለስ ሥራ ሊያስከትል ይችላል፤ ሰው ትዕግሥት አጥቶ ሰርቨሩን ቢያጠፋውም ሲነሣ መመለሱን ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ነገሩ አይቀርም።

ማይኤስኪውኤል ራሱ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ዳታቤዝ የማቋረጫው ትእዛዝ «ኪል» የሚባል ሲሆን፣ መጠይቁን ብቻ ወይም ግንኙነቱን ጭምር ለማስቆም ይመረጣል። ከኢኖዲቢ በፊት ይበልጥ ይሠራበት የነበረው ማይአይሳም የተባለው ማከማቻ ግን ትራንዛክሽን የማያውቅ በመሆኑ፣ በግማሽ የተቋረጠ ለውጥ በግማሽ እንደተለወጠ ይቀራል፤ ሠንጠረዥ የሚጠግን ወይም የሚያደራጅ ትእዛዝ በመካከል ከተቋረጠ ደግሞ ሠንጠረዡ ተበላሽቶ እንደገና እስኪጠገን ድረስ የማይሠራ ሊሆን እንደሚችል የዳታቤዙ መመሪያ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ሞንጎዲቢ በተባለው ዳታቤዝም በሂደት ያሉትን ሥራዎች የሚዘረዝርና በመለያ ቁጥራቸው የሚያቋርጥ መሣሪያ ያለ ሲሆን፣ መመሪያው አስተዳዳሪው ደንበኞች ያስጀመሩትን ብቻ እንዲያቋርጥና የዳታቤዙን የውስጥ ሥራዎች እንዳይነካ ይመክራል። አንድ ዓይነት ቃል የተሰጣቸው መሣሪያዎች ሥራቸው የሚለያየው ከስራቸው ያለው መሠረት ስለሚለያይ ነው።

ሥራው በብዙ ሰርቨሮች ሲከፋፈል

የዛሬ አገልግሎቶች በአብዛኛው በአንድ ሰርቨር የሚያልቁ አይደሉም። አንድ ትኬት የመቁረጥ ጥያቄ መጀመሪያ የሚቀበለው ሰርቨር ወንበር የሚይዘውን፣ ያም ክፍያ የሚቀበለውን፣ ያም መልእክት የሚልከውን ሊጠራ ይችላል፤ የመጀመሪያው ሲቋረጥ የተጠሩት ሁሉ ካልሰሙ በከንቱ ይደክማሉ። የፕሮግራም ቋንቋዎች ለዚህ መልስ መስጠት የጀመሩት ከብዙ ስሕተት በኋላ ነው። የጃቫ ቋንቋ በመጀመሪያ አንዱን የሥራ ክር፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት ሥራዎች አንዱን፣ ከውጭ በኃይል የሚያስቆም ትእዛዝ ነበረው፤ ነገር ግን ክሩ የያዛቸውን ቁልፎች በድንገት እየለቀቀ መረጃውን በግማሽ የተሠራ አድርጎ ስለሚያጋልጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው እትም «አይጠቀሙበት» ተባለ። ጉግል የሠራው ጎ የተባለው ቋንቋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮንቴክስት የሚባለውን መሣሪያ ከመደበኛ ክፍሎቹ አንዱ አደረገ፤ ይህም ከጥያቄው ጋር ከሰርቨር ውስጥ ክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ «እስከዚህ ሰዓት ድረስ ብቻ» ወይም «ተቋርጧል» የሚለውን መልእክት ለሚሠሩት ሁሉ የሚያደርስ ነው። እዚህም የሚሠራው አካል መልእክቱን ካልተመለከተ ምንም አይቆምም።

ማቋረጥ ወሰን ያለው መሆኑ የሚታየውም በዚሁ ቦታ ነው። ዳታቤዝ የራሱን ለውጥ መሻር ይችላል፤ ወደ ሰው ስልክ የተላከን አጭር መልእክት ግን ማንም አይመልሰውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ሄክቶር ጋርሲያ ሞሊናና ኬኔት ሳሌም ሳጋ ብለው የሰየሙት መፍትሔ ይህን እውነት ተቀብሎ የተነሣ ነው፤ ረጅሙን ሥራ በየራሳቸው በሚጸድቁ ትንንሽ ትራንዛክሽኖች ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያካክሰውን ተቃራኒ እርምጃ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ወንበር ተይዞ ከሆነ ይለቀቃል፣ ገንዘብ ተከፍሎ ከሆነ ተመላሽ ይደረጋል። የሆነው እንዳልሆነ አይቆጠርም፤ ይካካሳል። ተራ ተጠቃሚም ልዩነቱን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ የክፍያ ገጽ ላይ ማቋረጫውን መጫን ክፍያው አልተፈጸመም ማለት ላይሆን ስለሚችል፣ ደግሞ ከመክፈል በፊት የሂሳቡን መግለጫ ማየት ይገባል።

ማቋረጥ የጥቃት መሣሪያ ሲሆን

ማቋረጥ በሚገባ ካልታሰበበት ለጥቃት መንገድ ሊከፍት እንደሚችል ዓለም የተረዳው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከ2015 ጀምሮ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ኤችቲቲፒ ቱ የተባለው የመገናኛ ፕሮቶኮል፣ አንድ ደንበኛ በአንድ መስመር ላይ ብዙ ጥያቄዎችን ጎን ለጎን እንዲልክ፣ የማይፈልገውንም በአጭር መልእክት እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። በአንድ ጊዜ ክፍት ሊሆኑ የሚችሉት ጥያቄዎች ቁጥር የተገደበ ቢሆንም የተቋረጠው ከቁጥሩ ወዲያው ይቀነሳል። አጥቂዎች ይህን ተመልክተው ጥያቄ እየላኩ በቅጽበት ማቋረጥ ጀመሩ፤ ከገደቡ ሳያልፉ ማለቂያ የሌለው ጥያቄ ያዘንባሉ፤ ለእነርሱ ማቋረጥ ምንም አያስከፍልም፤ ሰርቨሩ ግን እያንዳንዱን ጥያቄ ተቀብሎ፣ ሥራውን ጀምሮ፣ ከዚያም ጠርጎ ማስወገድ ይኖርበታል። በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ገደማ በተጀመረው ጥቃት ጉግል በሰከንድ እስከ 398 ሚሊዮን፣ ክላውድፍሌር እስከ 201 ሚሊዮን፣ አማዞን እስከ 155 ሚሊዮን ጥያቄ እንደደረሰባቸው ሦስቱ ኩባንያዎች በጥቅምት 10 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በአንድነት ይፋ አድርገዋል። መፍትሔው ማቋረጥን መከልከል አልነበረም፤ አብዝቶ የሚያቋርጠውን ደንበኛ መቁጠርና መስመሩን መዝጋት ነው።

የአስተዳዳሪው ሥነ ሥርዓት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ መመሪያ አጭር ነው። መጀመሪያ ያለውን ሁኔታ መመልከትና ሰልፉን የያዘውን ሥራ መለየት፤ ቀጥሎ መጠይቁን ብቻ በሚያቋርጠው መሣሪያ መጠየቅና ሥራው እስኪሰማ መጠበቅ፤ ይህ ካልሆነ ግንኙነቱን ማሰናበት፤ ቁጥር 9ን ግን በዳታቤዝ ፕሮሰስ ላይ አለማንሣት። የማቋረጥ መብትም ለሁሉ የሚሰጥ አይደለም፤ በፖስትግሬስኪውኤል ማንም የራሱን ሥራ ሊያቋርጥ ሲችል፣ የሌላውን ለማቋረጥ የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የከፍተኛውን አስተዳዳሪ ሥራ የሚያቋርጥም ከፍተኛ አስተዳዳሪ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰው ሌሊት ተነሥቶ እንዲያቋርጥ ከመጠበቅ የጊዜ ገደብ አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ለአንድ መጠይቅ የጊዜ ገደብ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002፣ ቁልፍ ለመጠበቅ ገደብ በ2013፣ ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ ለፈታ ደንበኛ ገደብ በ2016፣ ለአንድ ትራንዛክሽን ጠቅላላ ዕድሜ ገደብ በ2024 ነው። እነዚህ ቀኖች ሲደረደሩ የሚያሳዩት ነገር አለ፤ «መቼ ይቁም?» የሚለው ጥያቄ ሃያ ዓመት ከታሰበበት በኋላም አዲስ መልስ እየተጨመረለት ነው።

ስለዚህ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ በተለይም የሰው ገንዘብና የሰው ጤና መረጃ በአደራ የተሰጣቸው፣ ማቋረጥን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ቁልፍ አድርገው ሊመለከቱት አይገባም። እያንዳንዱ ረጅም ሥራ ሲነደፍ የት ቦታ ላይ ቆሞ እንደሚያዳምጥ፣ ሲቆም ምን እንደሚሽር፣ የማይሻረውን በምን እንደሚያካክስ፣ ስንት ሰዓት ካለፈ በራሱ እንደሚተው አብሮ ይነደፍ። የተጀመረ ሥራ መፈጸሙ የሥርዓቱን ጉልበት ያሳያል፤ ታማኝነቱን የሚያሳየው ግን «ይበቃል» ሲባል ሰምቶ፣ የነካውን ሁሉ እንደነበረ አድርጎ መመለስ መቻሉ ነው።